ለሞተች በቅሎ የሰፈርነው ገብስ

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ምስር ስለቅም የልጅ ልጄ ቢኒያም ከሥራ መጣ። እዚሁ ሰቆጣ፣ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ደመወዙ ወሩን ሳያጋምስ ያልቃል፣ ስልኩ ግን አንድም ቀን ከእጁ ወርዶ አያውቅም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ቆየና፣

"እማማ፣ የአገሪቱ ዕዳ ደግሞ ጨመረ ይላል" አለኝ። "ጦርነቱ ያፈረሰውን ለመጠገን ሌላ ብድር ሊወሰድ ነው። ለየሰዉ ቢካፈል እርስዎም አለብዎት ማለት ነው።"

"ምን ገዙበት?" አልሁት።

"በምኑ?"

"በፊት በተበደሩት።"

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አለና "እሱን አይልም" አለ።

ሳቅሁበት። የዛሬ ልጆች ዕዳን ትናንት የመጣ ነገር አድርገው ሲያወሩ ይገርሙኛል። እኔ ዕዳን ከእናቴ ጡት ጋር ነው ያወቅሁት፣ ያውም ሳልወለድ ያለቀ ጦርነት ዕዳ። የምንከፍለው ደግሞ ብር አልነበረም፣ ገብስ ነበር። ገብሱን የምትበላው አንዲት በቅሎ ነበረች። በቅሎዋ ሞታለች።

ቤታችን ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። አያቴ ከአባቶቻቸው የወረሱት ከምንጩ ሥር ያለ መሬት ነበራቸው፤ ዝናብ በጠፋ ዓመት እንኳ ጥቂት የሚያበቅል፣ በዋግ ምድር ሰው የሚቀናበት ዓይነት። ጣልያን መጣ ተብሎ ክተት ሲታወጅ አያቴ አርጅተው ስለነበር በእሳቸው ፈንታ አባቴ ሲሳይ እንዲዘምት ተቆረጠ። ገና ጢም አላበቀለም። በዚያ ዘመን ለዘማች ስንቅ የሚሰፍርለት፣ ጭነት የሚጭንለት መንግሥት የለም። ስንቁንም፣ ጠመንጃውንም፣ አጋሰሱንም ችሎ የሚሄደው ራሱ ነው። ጠመንጃ ነበራቸው። በቅሎ አልነበራቸውም።

ስለዚህ አያቴ ወደ ጨው ነጋዴው ወደ አያ በሪሁን ሄዱ። አያ በሪሁን ከቆላ አሞሌ እያስመጡ ሰቆጣ ገበያ የሚሸጡ፣ በቅሎ የሞላቸው ሰው ነበሩ። አንዲት ግራጫ በቅሎ በአርባ ጠገራ ብር ገምተው ሰጡና የምንጩን ሥር መሬት በወለድ አገድ ያዙ።

ወለድ አገድን ለማያውቅ ላስረዳ። አበዳሪው በብሩ ላይ ወለድ አይጠይቅም። መሬቱን ይይዛል፣ ምርቱ ወለዱ ይሆንለታል። ዋናው እስኪመለስ መሬቱ እሱ ዘንድ ይቆያል፣ ዋናው ደግሞ ከምርቱ ላይ ተቀናሽ ስለሌለው አንዲት ብር አይጎድልም። ዓመትም ይቆይ መቶ ዓመት፣ አርባው አርባ ነው። አባቴ ከዘመቻ ያለ በቅሎና ያለ ጠመንጃ ተመለሰና የገዛ አባቱን መሬት ከአያ በሪሁን ለምኖ የእኩል አራሽ ሆነ። እኩሌታው ለእኛ፣ እኩሌታው ለእሳቸው።

በየዓመቱ አውድማ ላይ ገብሱ ከተበራየ በኋላ አባቴ ቁናውን ይዞ ይቀመጣል። አንዱን ቁና ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ እያፈሰሰ "ይህ የእኛ፣ ይህ የበቅሎዋ" ይላል። ቀልድ መሆኑ ነው። እኔ ግን ሰባት ዓመት እስኪሆነኝ በቅሎዋ አንድ ቦታ ታስራ የምትቀለብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን "አባዬ፣ ይህን ሁሉ ገብስ የምትበላ ከሆነ ወፍራ በበራችን አትገባም፤ ምነው አናያትም?" አልሁ። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። ቁናውን አስቀምጦ ውሃ ልጠጣ ብሎ ሄደና ሳይመለስ ቆየ።

ሌላም ነገር ነበረው። በእኛ አገር ልጅ የአባቱን እግር ያጥባል። ከእርሻ ሲመለስ ውሃ ለብ አድርጎ፣ በገበቴ አቅርቦ፣ ጎንበስ ብሎ ያጥባል፣ ምርቃቱን ይቀበላል። አባቴ እግሩን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ውሃውን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ እዚያው ታጥቦ፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመለሳል። ሩቅ መንገድም አይሄድም። ጎረቤቱ ኩራት ነው ይል ነበር። እኔም ኩራት ነው እል ነበር፣ ምርቃቴ ቀርቶብኛልና ቅር ይለኝ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት በሆነኝ ዓመት ታጨሁ። ልጁ አለሙ ይባላል፣ ከወንዝ ማዶ ነው። ወድጄው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቆጣኛል፣ ወድጄው ነበር። ሲስቅ አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ያ አሳሳቁ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ጋብቻ ያኔ ከብት በከብት ነው። የወንዱ አባት የሰጠውን ያህል የሴቷም አባት ይሰጣል፣ ሙሽሮቹ በዚያ ጎጆ ይወጣሉ። አባቴ ለእኔ አንድ ቀይ በሬና አንዲት ጊደር አዘጋጀ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው ተባለ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የአያ በሪሁን ልጅ፣ ደርሶ የሚባለው፣ ወደ ቤታችን መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው፣ ተቀመጥ ብንለውም እንቢ አለ። "መሬቱን አባቴ የገዛው ነው። እስከ ዛሬ ያረስኸው በእኛ ፈቃድ ነው። ከሁዳዴ በፊት በራሴ በሬ ሞፈር አስገባበታለሁ" አለው አባቴን።

በእኛ ልማድ ሞፈር የገባበት መሬት እስከ መኸር አይነሣም። ደርሶ አንድ ጊዜ ካረሰው ደግሞ "የገዛሁት፣ ያረስሁት" ብሎ ለዘላለም ይዞት ነው። አባቴ ሽማግሌ ጠራ። ሽማግሌዎቹ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምስክር አምጣ ብለው ቀጠሩት። ወረቀት የለም። ያኔ ወረቀቱ ሰው ነው። አያቴ የሉም፤ መሬቱ ሲያዝ ከነበሩት ሦስት ምስክሮችም ሁለቱ ሞተዋል፤ የቀሩት መምሬ ክንፉ ካረጁ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሰሃላ ገብተዋል። በሕይወት ስለመኖራቸው እንኳ የሚያውቅ የለም።

አባቴ በዚያ እግሩ ሰሃላ አይደርስም። እናቴ አራስ ነበረች። "እኔ እሄዳለሁ" አልሁ። የአባቴ እህት አክስቴ ውዴም "ብቻዋን አትሄድም" ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

አክስቴ ውዴ ዝም ማለት የማትችል ሴት ነበረች። ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትከራከር በኽምጣንጋ ነው። በመንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ በኽምጣንጋ እያቆመች ስለ መምሬ ክንፉ ትጠይቅ ነበር፤ ሰዉም መልሱን ትቶ ከእሷ ጋር ወሬ ይጀምራል። ሦስት ቀን ሄድን። በመጀመሪያው ጠዋት ሣሩ ውርጭ ይዞ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግን ድንጋዩ ጫማችን ሥር ይፋጅ ነበር። ስንቃችን በሶ ነው። ከምንጭ በቀዳነው ውሃ እየበጠበጥን እንጠጣለን፣ ሲርበን በጨው አሽተን እንበላለን። አንድ ቤት ባለቤቲቱ የማሽላ ቂጣ በነጭ ማር አቀረበችልን። አክስቴ ከበላች በኋላ "እንዲህ ያለ ማር ካለ ምስክሩ ባይገኝም አልከሰርንም" አለች። ስቄ ሞትሁ። ያን ጊዜ እንደምናሸንፍ አንዲት ጥርጣሬ አልነበረኝም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ወጣትነት ይሆናል።

መምሬ ክንፉን ከግራር ጥላ ሥር ዳዊት ሲደግሙ አገኘናቸው። ቀጭን፣ ዓይናቸው ገና የሚያይ፣ ጥርሳቸው ግን ያለቀ ሽማግሌ ነበሩ። መስቀላቸውን ተሳልመን ተቀመጥን። አክስቴ የአያቴን ስም፣ የአርባውን ብር ነገር፣ የቀጠሮውን ቀን አንድ በአንድ ተናገረች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ብር አላስታውስም ልጄ። የእኔ ያልሆነ ብር በአእምሮዬ አይቆይም።"

"አባ" አልሁ፣ "ነገሩ የበቅሎ ነበር። ግራጫ በቅሎ።"

"ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ?"

አባቴ ስለ ጆሮዋ ነግሮኝ አያውቅም።

"ሲሳይ አለ?" አሉኝ።

"አለ፣ አባ።"

"እግሩስ?"

ጥያቄው አልገባኝም። "ደህና ነው" አልሁ። መምሬ ዳዊታቸውን አጠፉና ምርኩዛቸውን አነሡ።

አክስቴ ከጎረቤታቸው በቅሎ ተውሳ ስታመጣ ግን አሻፈረኝ አሉ። "እኔ በቅሎ ላይ አልወጣም። በእግሬ እመጣለሁ።"

"አባ፣ ቀጠሮው እሑድ ነው" አለች አክስቴ። "በእግርዎ ከሆነ የምንደርሰው የከርሞ እሑድ ነው።"

"እግዜር ያደርሳል" አሉ። መንገዱ ዳገት ነው፣ እሳቸው ደግሞ በየጥላው ያርፋሉ። እኔ እያንዳንዷን ዕረፍት እየቆጠርሁ ስቃጠል ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር አረፍን። መምሬ በሶውን በቅል እየጠጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ከአባቴ ጋር አብረው ዘምተው ኖሯል፣ እሳቸው ታቦት አጅበው።

"አውሮፕላኑ ያለፈ ለት" አሉ፣ "ዝናብ ያልሆነ ነገር ዘነበ። ሣሩ ረጠበ። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። እኛ ምን እናውቃለን፤ ከብቱ ተራበና ወደ ሣሩ ገባ። ጥቂት ሳይቆይ አፋቸው ይላጥ ጀመር። ሰዉ ከሣሩ ሸሸ። ያንቺ አባት ግን በቅሎዋን ሊያወጣ ገባ። በጫማ አይደለም፣ በባዶ እግሩ። 'አንተ ልጅ፣ ተዋት፣ በቅሎ ናት!' ብዬ ጮህሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? 'መሬታችን ናት' አለኝ። በገመድ እየጎተተ አወጣት። ከእጁ ላይ ሞተች። እግሩን ያየሁት በማግሥቱ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ በቅሎ ላይ አልወጣሁ።"

አክስቴ ውዴ ዝም አለች። በሕይወቴ ዝም ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ፊት ለፊት ወዳለው ዳገት ቀድሜ ወጣሁና ማንም ሳያየኝ አለቀስሁ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ኖሬ የአባቴን ጦርነት ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ።

እሑድ ደረስን። ቅዳሴው አልቆ፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ሊነሡ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ደርሶ እየሳቀ ቆሟል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። መምሬ ክንፉን ሲያይ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መሰከሩ። "ያስያዘ እንጂ የሸጠ አላየሁም። መሬቱ ለወለዱ፣ ዋናው ሲመለስ መሬቱ ለባለቤቱ ሲባል ሰማሁ።"

"አርጅተዋል፣ ምኑን ያስታውሱታል" አለ ደርሶ።

መምሬ ወደ እሱ አልዞሩም። በጎን ወደ ተቀመጡት ወደ አያ በሪሁን ዞሩ። "በሪሁን፣ እኔና አንተ የቀረን ዘመን አጭር ነው። አስይዘውህ ነው ወይስ ሸጠውልህ?"

አያ በሪሁን ልጃቸውን አዩት። ኋላም "አስይዘውኝ ነው" አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገብስ ሲገባለት የኖረ ሰው ግን መሬቱ የራሱ ቢመስለው አይፈረድበትም። ቀጥለው፣ "ይሁን እንጂ ዋናዬን አምጡ። ዛሬውኑ። ዛሬ ካልተቆጠረልኝ ልጄ ነገ ያርሳል፤ ይህም ሕጌ ነው" አሉ።

ሕጋቸው ነበር። ጠገራው ከገበያ ስለጠፋ ሽማግሌዎቹ አርባውን በከብት ገመቱት፤ አንድ በሬና አንዲት ጊደር ሆነ። የትኛው በሬና የትኛዋ ጊደር እንደሆኑ ሁሉም ሰው ያውቃል።

"የለኝም" አለ አባቴ። "በግቢዬ ያለው የልጄ ነው።"

ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁ። በሽማግሌ ፊት ልጃገረድ አትናገርም። "የእኔ ከሆነ ይውሰዱት" አልሁ።

"ሠርግሽስ?" አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

"በቅሎዋ ይህን ሁሉ ዘመን ስትበላ ኖራለች፣ አባቶቼ። ይህንንም ትብላና ትጥገብ።"

አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ግን አልሳቁም። አባቴ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ቀዩ በሬና ጊደሯ የዚያኑ ዕለት ተነዱ። በሳምንቱ የአለሙ አባት ሽማግሌ ልከው "ቃላችን ከብት በከብት ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኛም ከብት የለንም። እጮኝነቱ ፈረሰ። ሦስት ቀን አለቀስሁ፣ በአራተኛው ቀን ውሃ የሚቀዳ ሰው ስለጠፋ ተነሥቼ ቀዳሁ። አለሙ ከአምደወርቅ ልጅ አገባ። ኋላ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አየሁት። ወፍሯል፣ አሳሳቁ ግን ያው ነው። እኔም ከሦስት ዓመት በኋላ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር አገባሁ። ከብትም አልጠየቀ፣ ከብትም አላመጣ፤ ደህና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። በዚያ ቀን አልጸጸትም። ግን ዋጋ አልከፈልሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ከችሎቱ በማግሥቱ አባቴ ከቀትር በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀመጠና "ትርንጎ፣ ውሃ አምጪ" አለኝ። ውሃውን ለብ አድርጌ ይዤለት መጣሁ፤ ወደ ጓሮ የሚወስደው መስሎኝ ነበር። ጨርቁን ፈታና እግሩን ወደ እኔ ዘረጋ። ቆዳው እንዴት እንደነበረ አልናገርም። ቀስ ብዬ አጠብሁት። ጣቶቹ መካከል ስደርስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"መምሬ።"

"ብዙ ያወራሉ" አለ። ከዚያም መረቀኝ፤ የዓመታቱን ሁሉ ምርቃት አንድ ላይ።

በመኸሩ ገብሱ አውድማ ላይ ተከመረ። አባቴ ቁናውን ይዞ ተቀመጠና እጁ የለመደውን ያደርግ ጀመር፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። "ይህ የእኛ፣ ይህ የ…" ብሎ ቆመ። ሁለቱን ክምር አየ። እናቴ የግራውን በአቁማዳ እያፈሰች ወደ ጎተራችን ትሸከም ጀመር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለቢኒያም ነገርሁት። ምስሩ ተለቅሞ አለቀ። በሬ ተበድረው ያደጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በሬው አርሶ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል። ለጦርነት የተገዛች በቅሎ ግን ሞታም ትበላለች። ጦርነት አልቆ ሒሳብ ሲሠራ የሞተው ይቆጠራል፣ የፈረሰው ድልድይ ይቆጠራል። የአባቴን እግር የቆጠረ የለም፣ የእኔን ቀይ በሬ የቆጠረ የለም። በዚህ ባለፈው ጦርነት የሆነውንም እኛው ሰቆጣዎች አይተነዋል፤ በየቤቱ ያልተቆጠረ ስንት አለ።

"ይህ አዲሱ ብድር መቼ ነው የሚያልቀው?" ብዬ ጠየቅሁት።

ስልኩን አየ። "ብዙ ዓመት ነው እማማ። የረጅም ጊዜ ይላል።"

"ከፋዩ ተወልዷል?"

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ቤት ውስጥ ተመለከተ። ሚስቱ እዚያ ተኝታለች፤ ወሯ ገብቷል።